ውድ ኮከቦችን ይዞ ዋንጫ መብላት፦ ስለ ሆኪ የደሞዝ ጣሪያ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቶሮንቶ ለምንኖር ሰዎች ሆኪ የብርድ ወራት ወሬ ነው። ልጆቻችን ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የሚያወሩት ስለ ከተማው ቡድን፣ ስለ ሜፕል ሊፍስ፣ ነው። እግር ኳስ እያየን ያደግን ወላጆች ደግሞ አንድ ነገር አይገባንም። ይህን ሁሉ ሚሊዮን የሚከፈላቸው ልጆች ይዞ አንድ ቡድን እንዴት ዋንጫ ያጣል? ቡድኑ ስታንሊ ካፕን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳው በ1967 ነው። ይህን ጥያቄ ከወዳጆቼ ብዙ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ራሴን ጠይቄዋለሁ። የደረስኩበትን እነሆ።

ሀብታም ቡድን እንደ እግር ኳሱ የፈለገውን ተጫዋች ለምን አይገዛም?

ሕጉ ስለማይፈቅድለት ነው። በሰሜን አሜሪካው የሆኪ ሊግ፣ በኤንኤችኤል፣ አንድ ቡድን በዓመት ለተጫዋቾቹ የሚመድበው ጠቅላላ ደሞዝ ከተወሰነ ጣሪያ አያልፍም። ቶሮንቶም ኒው ዮርክም ትንሿ ዊኒፔግም ጣሪያቸው አንድ ነው። ቅጣት እየከፈሉ ማለፍ የሚባል ነገርም የለም።

ጣሪያው የመጣው ከከባድ ጠብ በኋላ ነው። የክለብ ባለቤቶችና የተጫዋቾች ማኅበር መስማማት አቅቷቸው የ2004-05 ውድድር ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። በዚያ ዓመት ስታንሊ ካፕን ያነሳ ቡድን የለም። በቀጣዩ ዓመት ውድድሩ ሲመለስ ጣሪያው 39 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2025-26 ወደ 95.5 ሚሊዮን ደርሷል።

32ቱን ቡድኖች እኩል ደሞዝ እንዳላቸው 32 አባወራዎች አስቧቸው። አንዱ የደሞዙን ግማሽ ለቤት ኪራይ ካዋለ፣ አስቤዛው ላይ መቆጠብ ግድ ይሆንበታል። ከጎረቤት መበደርም አይችልም።

የአንድ ተጫዋች ደሞዝ ከጣሪያው ላይ የሚቀነሰው እንዴት ነው?

በአማካይ ነው። ውሉ 8 ዓመት ሆኖ ጠቅላላው 80 ሚሊዮን ከሆነ፣ ተጫዋቹ በየዓመቱ በእጁ የሚያገኘው ቢለያይም ከጣሪያው የሚያዘው 10 ሚሊዮን ነው። አንድ ሰው ከጣሪያው 20 በመቶ በላይ መውሰድ አይችልም። ከራሱ ቡድን ጋር እስከ 8 ዓመት፣ ከአዲስ ቡድን ጋር እስከ 7 ዓመት መፈረም ይፈቀድ ነበር። ከሴፕቴምበር 2026 ጀምሮ በሚሠራው አዲስ ስምምነት ሁለቱም በአንድ ዓመት ያጥራሉ።

አሁን የነገሩ ቁልፍ ይመጣል። ደሞዝን በዶላር አትዩት፤ በመቶኛ እዩት። ሲድኒ ክሮስቢ በ2008-09 ለፒትስበርግ 8.7 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ጀመር። ጣሪያው ያኔ 56.7 ሚሊዮን ስለነበር አንድ ሰው ብቻውን ከ15 በመቶ በላይ ወሰደ ማለት ነው። በኋላም ረጅም ውል በዚያው 8.7 ሚሊዮን ፈረመ። በ2016-17 ጣሪያው 73 ሚሊዮን ሲደርስ የእሱ ድርሻ ወደ 12 በመቶ ወርዶ ነበር። ተጫዋቹ ያው ነው፣ ገንዘቡም ያው ነው። ቡድኑ ግን ሌላ ጥሩ ተጫዋች የሚቀጥርበት ቦታ አገኘ። ረጅም ውል የሚወደደው ለዚህ ነው፤ ጣሪያው ወደ ላይ እስከሄደ ድረስ።

በቅርጫት ኳስ ሁለት ኮከብ ይበቃል። በሆኪ ለምን አይበቃም?

የሆኪ ኮከብ አብዛኛውን ጨዋታ ተቀምጦ ስለሚያሳልፍ ነው። ጨዋታው 60 ደቂቃ ነው። ሩጫው ከባድ ስለሆነ አንድ አጥቂ በረዶው ላይ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላው ወጥቶ በሌላ ይተካል፤ ተራው ሲደርስ ይመለሳል። ሲደመር ታላቅ የሚባለው አጥቂ 20 ወይም 22 ደቂቃ ይጫወታል። በቀሪው ጊዜ ሜዳው የሌሎች ነው።

ለአንድ ጨዋታ 20 ሰው ይለብሳል፦ 18 ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ። አጥቂዎቹ ሦስት ሦስት ሆነው በአራት መስመር ይመደባሉ። ተከላካዮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው በሦስት። ሦስተኛው መስመር ደካማ ከሆነ ተጋጣሚው የሚጎዳችሁ በዚያ በኩል ነው። የእናንተ ኮከብ ደግሞ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ውኃ እየጠጣ ያያል። 60 ደቂቃውን ሙሉ የሚቆመው ግብ ጠባቂው ብቻ ነው።

ቶሮንቶ ምን አጠፋ?

ይህን ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ፤ እዚህ ከተማ በጣም የሚያመው ጥያቄ ይሄ ነውና።

በጁላይ 2018 ጆን ታቫሬስ፣ ልጅነቱን እዚሁ አካባቢ ያሳለፈ ሴንተር (የመሀል አጥቂ)፣ በ7 ዓመት 77 ሚሊዮን ፈርሞ መጣ። በዓመት 11 ሚሊዮን ማለት ነው። ከተማው በደስታ ሰከረ። ግን ሦስት ወጣቶች ጭማሪ እየጠበቁ ነበር። ዊሊያም ኒላንደር በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጀመሪያ፣ የጊዜ ገደቡ ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ፈረመ፤ በዓመት ወደ 7 ሚሊዮን። ኦስተን ማቲውስ በፌብሩዋሪ 2019 ለ5 ዓመት ፈረመ፤ በዓመት 11.6 ሚሊዮን። ሚች ማርነር በሴፕቴምበር 2019 ለ6 ዓመት፣ በዓመት 10.9 ሚሊዮን።

ደምሩት። አራት አጥቂዎች፣ 40.5 ሚሊዮን ገደማ። ጣሪያው 81.5 ሚሊዮን ነበር። ከ23 ሰው ውስጥ አራቱ ግማሹን ያዙ። ለ19ኙ የቀረው 41 ሚሊዮን ነው።

ቡድኑ ያሰበው ግልጽ ነው። ጣሪያው በየዓመቱ ከፍ ይላል፤ የዛሬው ውድ ውል ነገ ይረክሳል፤ እንደ ክሮስቢ። ስሌቱ ስህተት አልነበረም። ነገር ግን በማርች 2020 ኮቪድ መጣ። ስታዲየሞች ባዶ ሆኑ፣ ገቢ ጠፋ። ጣሪያው ለሦስት ተከታታይ ዓመታት 81.5 ሚሊዮን ላይ ቆመ። ከዚያ 82.5፣ ከዚያ 83.5። ኪራዩ አልቀነሰም፤ ደሞዙም አልጨመረም።

በዚህ መሀል የወጡትን ሰዎች ቁጠሩ። ፓትሪክ ማርሎ የሚባል አንጋፋ ተጫዋች 6.25 ሚሊዮን ይወስድ ነበር። ውሉን ከላያቸው ለማራገፍ ከራሳቸው የመጀመሪያ ዙር የድራፍት ዕድል (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ ከሚመርጡበት መብት) ጋር አድርገው ለካሮላይና ሰጡ። ካሮላይና በዚያ ዕድል ሴት ጃርቪስን መረጠች፤ ዛሬ ከቡድኑ ምሰሶዎች አንዱ ነው። ናዜም ካድሪ በ2019 ወደ ኮሎራዶ ተላከ፤ በ2022 እዚያ ዋንጫ አነሳ። ዛክ ሃይማን፣ ሁሉም የሚወደው ለፍቶ አዳሪ፣ በ2021 ለኤድመንተን በ5.5 ሚሊዮን ፈረመ። በ2023-24 ስንት ግብ አገባ? 54። ይህን ስጽፍ እንኳ ይቆጨኛል።

ታዲያ የተሸነፉት ለአራቱ ብዙ ስለከፈሉ ነው?

ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለማየት ውጤቱን እንመልከት። ከ2019 እስከ 2025 ቶሮንቶ በፕሌይኦፍ፣ ከመደበኛው ውድድር በኋላ በሚደረገው የዋንጫ ጥሎ ማለፍ፣ አምስት ጊዜ እስከ ሰባተኛውና ወሳኙ ጨዋታ ደርሶ አምስቱንም ተሸነፈ፦ በ2019 ለቦስተን፣ በ2021 ለሞንትሪያል፣ በ2022 ለታምፓ፣ በ2024 እንደገና ለቦስተን፣ በ2025 ለፍሎሪዳ። በነዚህ አምስት ጨዋታዎች በእያንዳንዳቸው ያገባው አንድ ግብ ብቻ ነው። አምስት ጨዋታ፣ አምስት ግብ። የሊጉ ውድ አጥቂዎች ያሉት ቡድን!

ስለዚህ የጎደለው ርካሽ ተከላካይ ብቻ አይደለም። ገንዘቡ የፈሰሰበት ቦታ ራሱ በወሳኙ ቀን ደረቀ። እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ቶሮንቶ አራት ኮከብ በመያዙ አልተሳሳተም፤ አራቱም አንድ ዓይነት በመሆናቸው ነው የተሳሳተው። አራቱም አጥቂዎች ናቸው። አራቱም ቦታ ሲያገኙ የሚያምሩ ናቸው። በፕሌይኦፍ ግን ቦታ የለም። ዳኛው ብዙ ያልፋል፣ ተከላካዩ ይገፋል፣ ይጎትታል። ያኔ የሚያስፈልገው ፐኩን (የሆኪውን ጠፍጣፋ ኳስ) ከግቡ አፍ ላይ በክርን ታግሎ የሚያስገባ ሰው ነው። እንዲያ ያለውን ሃይማንን ነው የለቀቁት።

ሌላም አለ። ማቲውስና ማርነር ሙሉ ዋጋ ወስደው አጭር ውል ፈረሙ። ቡድን ብዙ ሲከፍል ቢያንስ ዓመታት ማግኘት አለበት። ማቲውስ በ2024 ወደ 13.25 ሚሊዮን አደገ። ማርነር ውሉ ሲያልቅ በ2025 በጋ ላይ በ8 ዓመት 96 ሚሊዮን ወደ ላስ ቬጋስ ሄደ፤ ቶሮንቶ በምትኩ ያገኘው ኒኮላ ሯ የተባለ አንድ ሴንተር ነው።

ውድ ኮከብ ይዞ የተሳካለት ማን ነው?

ብዙዎች ናቸው። ኮከብ ሳይኖረው ዋንጫ የበላ ቡድን በዚህ ዘመን ማግኘት ነው የሚከብደው።

ፍሎሪዳ ፓንተርስን ውሰዱ። በ2024 እና በ2025 በተከታታይ ዋንጫውን ወሰደ፤ ሁለቱንም ጊዜ ኤድመንተንን አሸንፎ። በመጀመሪያው ዓመት አራቱ ውድ ሰዎቹ 37 ሚሊዮን ይወስዱ ነበር። ከቶሮንቶ አራት ጋር ብዙም አይራራቅም። ግን እነማን ናቸው? ሰርጌ ቦብሮቭስኪ፣ ግብ ጠባቂ፣ 10 ሚሊዮን። አሌክሳንደር ባርኮቭ፣ በመከላከልም በማጥቃትም የሚያስተማምን ሴንተር፣ 10 ሚሊዮን። ማቲው ትካቹክ፣ ተጋጣሚን የሚያስለቅስ የክንፍ አጥቂ፣ 9.5 ሚሊዮን። አሮን ኤክብላድ፣ ተከላካይ፣ 7.5 ሚሊዮን። አንድ ከኋላ፣ አንድ ከመከላከያ፣ አንድ ከመሀል፣ አንድ ከፊት። ቤት በአራት ማዕዘን ላይ ሲቆም እንዲህ ነው።

ከሥራቸው ያሉትን ደግሞ እዩ። ጉስታቭ ፎርስሊንግን ካሮላይና በ2021 መጀመሪያ ላይ አልፈልግም ብላ ለማንም ክፍት ስታደርገው ፍሎሪዳ በነፃ አነሳው። በሊጉ ካሉ ምርጥ ተከላካዮች አንዱ ሆነ። ካርተር ቨርሄጊ በ2020 በዓመት 1 ሚሊዮን ብቻ ፈርሞ መጣ። መጀመሪያ በድራፍት የመረጠው፣ በ2013፣ ቶሮንቶ ነበር። ሳም ቤኔት ካልጋሪ ላይ ተስፋ የተቆረጠበት ልጅ ነበር፤ በ2025 የፕሌይኦፉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ሥራ አስኪያጁ ቢል ዚቶ የሠራው ይህን ነው። ኮከቡን ማንም ያያል። ፎርስሊንግን ማየት ነው ሙያው።

ፒትስበርግም እንዲሁ ነው። በ2016 እና በ2017 ሲያሸንፍ ክሮስቢ 8.7፣ ኢቭጌኒ ማልኪን 9.5፣ ክሪስ ሌታንግ 7.25 ሚሊዮን ይወስዱ ነበር። ጎናቸው ግን በጀማሪ ውል ያሉ ልጆች ተሰልፈዋል። ከነሱ አንዱ ጄክ ጌንዝል፣ በሦስተኛ ዙር የተመረጠ ልጅ፣ በ2017 ፕሌይኦፍ 13 ግብ አገባ። ፊል ኬሰልም እዚያ ነበር። እሱን ለፒትስበርግ የሰጠው ቶሮንቶ ነው፤ ከደሞዙም 1.2 ሚሊዮኑን በየዓመቱ እየከፈለ። የቶሮንቶ ደጋፊዎች ይህን ሲሰሙ ዝም ይላሉ።

ጀማሪ ውል ሲባል ምን ማለት ነው?

በድራፍት የተመረጠ ወጣት የሚፈርመው የመጀመሪያ ውል ነው። ዕድሜው 21 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ሦስት ዓመት ይቆያል፤ መሠረታዊ ደሞዙም ቢበዛ 1 ሚሊዮን ገደማ ነው። 30 ግብ ቢያገባም ያው ነው። ለቡድን ከዚህ የሚበልጥ ቅናሽ የለም።

ስለዚህ ውድ ኮከብ ያለው ቡድን የድራፍት ዕድሉን እንደ ዓይኑ ብሌን መጠበቅ አለበት። የሚያሳዝነው ተቃራኒው መሆኑ ነው። ለዋንጫ የሚሮጥ ቡድን በየዓመቱ ማርች ላይ አንጋፋ ተጫዋች ለማምጣት የድራፍት ዕድሉን ይሰጣል። ከሦስት ዓመት በኋላ ርካሽ ልጅ ሲፈልግ ቤቱ ባዶ ነው።

ልጆቹ ቢኖሩም ሊወሰዱ ይችላሉ። በኦገስት 2024 ሴንት ሉዊስ ውላቸው ላለቀ ሁለት የኤድመንተን ወጣቶች፣ ለፊሊፕ ብሮበርግና ለዲላን ሆሎዌይ፣ በአንድ ቀን ውል አቀረበ። ለመጀመሪያው በዓመት 4.58 ሚሊዮን፣ ለሁለተኛው 2.29 ሚሊዮን። ኤድመንተን ያንኑ ገንዘብ ከፍሎ ልጆቹን ለማስቀረት ሰባት ቀን ነበረው። ጣሪያው ጠቦት ሁለቱንም ለቀቀ። ያገኘው ካሳ የሁለተኛና የሦስተኛ ዙር የድራፍት ዕድል ነው።

ዋንጫ ከተበላ በኋላስ?

ያኔ ሁሉም ጭማሪ ይጠይቃል፤ የሚገባቸውም ነው። ቺካጎ በ2010 ሲያሸንፍ በዚያው በጋ እነ ደስቲን ባፍሊንን፣ አንድሩ ላድን፣ ክሪስ ቨርስቲግን መሸጥ ነበረበት። ግብ ጠባቂው አንቲ ኒየሚም ሄደ። ቢሆንም በ2013 እና በ2015 እንደገና አሸነፈ። የተቀሩት ወጣቶችና በርካሽ ረጅም ውል የታሰሩት፣ ለምሳሌ ደንካን ኪት፣ ያዙት።

በ2014 ግን ጆናታን ቴይቭስና ፓትሪክ ኬን እያንዳንዳቸው የ8 ዓመት የ84 ሚሊዮን ውል ፈረሙ። ከ2015-16 ጀምሮ ሁለቱ ብቻ 21 ሚሊዮን ወሰዱ። ከዚያ ወዲህ የቺካጎ ያ ትውልድ፣ በኮቪድ የተቋረጠው የ2020 ውድድር ሳይቆጠር፣ አንድም የፕሌይኦፍ ዙር አላለፈም። በ2017 በናሽቪል አራት ለዜሮ ተጠረገ፤ በ2018 ፕሌይኦፍ እንኳ አልገባም።

እኔ በዚህ ቺካጎን አልወቅስም። ሦስት ዋንጫ ላመጡ ልጆች አልከፍልም ማለት ይከብዳል። ግን ያ ገንዘብ ለተሠራ ሥራ የተሰጠ ምስጋና ነበር እንጂ ለሚመጣው ሥራ ዋጋ አልነበረም። የሥራ አስኪያጅ ልብ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

የከሸፈ ውልን መሰረዝ አይቻልም?

ይቻላል፤ ግን ጥላው አይለቅም። ሚኔሶታ በጁላይ 4 ቀን 2012 ዛክ ፓሪሴንና ራያን ሱተርን እያንዳንዳቸውን በ13 ዓመት 98 ሚሊዮን አስፈረመ። በ2021 ሁለቱንም ውል በካሳ አፈረሰ። አራት ዓመት ቀርቶት የነበረው ውል በጣሪያው ላይ ወደ ስምንት ዓመት ተዘረጋ። በ2023-24 እና በ2024-25 ቡድኑ በየዓመቱ 14.7 ሚሊዮን ገደማ ከጣሪያው ተያዘበት፤ ለማይጫወቱለት ሁለት ሰዎች። አንድ ታላቅ ኮከብ የሚቀጠርበት ገንዘብ ነው።

ሌላው መንገድ ተጫዋቹን ለሌላ ቡድን ሰጥቶ የደሞዙን እስከ ግማሽ መሸከም ነው። የኬሰል ነገር እንዲህ ነበር። ብራድ ማርሻንድም በማርች 2025 ከቦስተን ወደ ፍሎሪዳ ሲሄድ ግማሹን ቦስተን ተሸከመ። ከሁለት ወር በኋላ ማርሻንድ በጭማሪ ሰዓት ቶሮንቶ ላይ ግብ አገባ።

የተጎዳ ተጫዋች ደሞዝ አይቆጠርም ይባላል። እውነት ነው?

ለረጅም ጊዜ ከተጎዳ ቡድኑ በእሱ ቦታ ጣሪያውን አልፎ እንዲቀጥር ይፈቀዳል። ታምፓ በ2020-21 ይህን ተጠቀመ። 9.5 ሚሊዮን የሚወስደው ኒኪታ ኩቸሮቭ የዳሌ ቀዶ ሕክምና አድርጎ መደበኛውን ውድድር በሙሉ አልተጫወተም። ፕሌይኦፍ ሲጀመር ተመለሰ። ያኔ በፕሌይኦፍ ጣሪያ አይቆጠርም ነበር። በ32 ነጥብ ፕሌይኦፉን መርቶ ቡድኑ ዋንጫውን በድጋሚ ወሰደ። ሕግ አልጣሱም። ግን ብዙ ሰው ተቆጣ፤ እኔም ፍትሐዊ አልመሰለኝም። ከ2025-26 ጀምሮ በፕሌይኦፍም በዕለቱ የሚሰለፉት 20 ሰዎች ደሞዝ ከጣሪያው በታች መሆን አለበት።

ፍሎሪዳ ውስጥ ግብር የለም። ልዩነቱ እሱ አይደለም?

አንዱ ምክንያት ነው። ፍሎሪዳ፣ ቴክሳስና ኔቫዳ የግዛት የገቢ ግብር አያስከፍሉም። ኦንታሪዮ ውስጥ ከፍተኛ ገቢ ያለው ሰው በላይኛው እርከን ከ53 በመቶ በላይ ይከፍላል። ስለዚህ ታምፓ በ9.5 ሚሊዮን የሚያስፈርመውን ቶሮንቶ በዚያ ዋጋ አያገኘውም።

ግን ሁሉንም በግብር ማሳበብ አልወድም። ግብሩ ያኔም አልነበረም፤ ፍሎሪዳ ፓንተርስ ግን ከ1996 በኋላ እስከ 2022 ድረስ አንድም የፕሌይኦፍ ዙር አላሸነፈም። 26 ዓመት ሙሉ።

ለግብ ጠባቂ ብዙ መክፈል ይገባል?

እዚህ ላይ ቁርጥ ያለ መልስ የለኝም። ቦብሮቭስኪ 10 ሚሊዮን፣ የታምፓው አንድሬ ቫሲሌቭስኪ 9.5 ሚሊዮን እየወሰዱ አሸንፈዋል። በ2023 ግን ቬጋስ በዓመት 2.2 ሚሊዮን ገደማ በሚከፈለው አዲን ሂል አሸነፈ፤ በፍጻሜው ያሸነፈውም ያንኑ ቦብሮቭስኪን ነው። ጥሩ ተከላካዮች ካሏችሁ በበረኛው መቆጠብ ትችላላችሁ ብዬ አስባለሁ።

ኮከቡ ራሱ ደሞዙን ቀንሶ ቡድኑን መርዳት የለበትም?

ይህን ጥያቄ ብዙ ጊዜ በቁጣ ነው የሚጠይቁት። እኔ ተጫዋቹ ላይ አልፈርድም። ዕድሜው አጭር ነው፣ ጉልበቱን አንድ ጉዳት ሊወስደው ይችላል። የገበያ ዋጋውን መጠየቅ መብቱ ነው።

ያም ሆኖ ፈልገው የቀነሱ አሉ። ኮኖር ማክዴቪድ በኦክቶበር 2025 ከኤድመንተን ጋር ለሁለት ዓመት በ12.5 ሚሊዮን ፈረመ። ከ2018 ጀምሮ ሲወስድ የነበረው ያንኑ ነው። ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ የሚኔሶታው ኪሪል ካፕሪዞቭ በ8 ዓመት 136 ሚሊዮን፣ በዓመት 17 ሚሊዮን፣ ፈርሞ ነበር። ማክዴቪድ ከዚያ በላይ መጠየቅ ይችል ነበር። ግን ውሉ ሁለት ዓመት ብቻ መሆኑን አትርሱ። ገንዘቡን ትቻለሁ፤ ቡድን ሥሩልኝ፤ ጊዜው አጭር ነው ማለቱ ነው። በ2024 እና በ2025 ፍጻሜ ደርሶ ሁለቴ ለተሸነፈ ሰው ይህ ይገባኛል።

ጣሪያው አሁን በፍጥነት እየጨመረ ነው። ችግሩ አይቀልም?

ለጊዜው ይቀላል። ለ2026-27 የተቀመጠው 104 ሚሊዮን ነው። በኮቪድ ዘመን የተፈረሙ ውሎች አሁን ርካሽ መስለው ይታያሉ። ግን ጣሪያው ለሁሉም ነው የጨመረው። ካፕሪዞቭ 17 ሚሊዮን ሲያገኝ ከ104ቱ 16 በመቶ ገደማ ነው፤ ክሮስቢ በ2008 ከወሰደው ድርሻ ብዙም አይርቅም። ጥያቄው እዚያው ነው።

ቡድኔ ትክክል እየሠራ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

ኮከቡን ለአንድ ምሽት ተዉት። ሦስተኛው መስመር ሲገባ ፐኩ በየትኛው ወገን ሜዳ እንደሚቆይ እዩ። በአምስተኛና በስድስተኛ ደረጃ ያሉት ተከላካዮች ሲገቡ አሠልጣኙ ቶሎ ቶሎ ያስወጣቸዋል ወይስ ያምናቸዋል? ከዚያ የውሎቹን ዝርዝር ክፈቱ፤ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው። ከ1 ሚሊዮን በታች የሚከፈላቸው ስንት ናቸው፣ ዕድሜያቸውስ? 22 ዓመት ከሆነ ተስፋ አላችሁ። 35 ከሆነ ሥራ አስኪያጁ ጉድጓድ እየደፈነ ነው። በመጨረሻም ከላይ ያሉትን አራት ስሞች አንብቡና የሚጫወቱበትን ቦታ ከጎናቸው ጻፉ።